«ሞዲፋይ የተደረገ ሱባሩ ልግዛ ወይስ ልተወው?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ያገኙትና ወደ ባሕር ዳር ሊያመጡት ያሰቡት መኪና እ.ኤ.አ. የ2004 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ባለ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) መሆኑን፣ የቱርቦው ግፊት ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ከፍ መደረጉን፣ ማርሚታው መለወጡን፣ መኪናው ዝቅ ተደርጎ 18 ኢንች ቸርኬ እንደገባለት፣ ሻጩም ይህን ሁሉ ጨምሮ ከደህና ኮሮላ ያነሰ ዋጋ እንደጠራልዎት ጽፈዋል። እኔም የዚሁ ዓይነት መኪና እዚህ ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለያዝኩ ያየሁትን ልንገርዎት። ኢምፕሬዛ በራሱ የሚወደስ መኪና ነው። ነገር ግን የተነካካ፣ ማለትም ሞዲፋይ የተደረገ መኪና ሲገዙ ከሱባሩ ፋብሪካ ይልቅ የሚገዙት የነካካውን ሰው እጅ ስለሆነ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነና ምን እንደሠራ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ይተዉት እላለሁ።

ዋጋው ራሱ አንድ ነገር ይነግርዎታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ ማንኛውም የቤንዚን መኪና ባለቤቱ በቀላሉ የሚለቀው ዕቃ አይደለም። በዚህ ጊዜ ባለ ቱርቦ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ከኮሮላ በታች ከተጠራ፣ ከእርስዎ በፊት አይተውት የተመለሱ ገዢዎች እንዳሉ ይገምቱ።

የእኔን ስገዛ ደላላውም ሻጩም «ሞላው ከጃፓን የመጣ የስፖርት ሞላ ነው» አሉኝ፤ እኔም ቁመናው አማልሎኝ ሥሩን ሳላይ ፈረምኩ። ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሰፈሬ ኮብልስቶኑ ላይ ስደርስ ከፊት ጎማ በኩል ብረት ከብረት የሚጋጭ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ጋራዥ ወስጄ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲወልቅ፣ የሞላው የታችኛው ጫፍ በግራይንደር ተቆርጦ፣ የቆረጠው ዲስክ ያቃጠለው ጥቁር ጠርዝ ገና እንዳለ፣ ዝገትም እየጀመረው አየሁት። የተቆረጠ ሞላ ቦታው ላይ በትክክል ስለማይቀመጥ በየጉድጓዱ እየዘለለ ይመለሳል። አሞርዛተሩም ለዚያ ቁመት ስላልተሠራ ዘይቱን ተፍቶ ነበር። መካኒኩ በጣቱ ጠርዙን ዳሰስ አድርጎ «ይህን ቤት ሠሪ ነው የቆረጠው» ብሎ ሳቀብኝ፤ ሳቁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ባሕር ዳር ዘንባባ የተተከለባቸው ዋና ዋና መንገዶች ለዝቅተኛ መኪና ምቹ ቢሆኑም፣ ማናችንም የምናድረው አስፋልቱ ላይ አይደለም። በየቀበሌው ውስጥ ኮብልስቶን፣ ፍጥነት መቀነሻና የክረምት ጎርፍ የቦረቦረው መግቢያ ስለሚጠብቅዎት፣ ፓራውርቶው በየሳምንቱ መሬት ይልሳል።

ይህ ግን በገንዘብ የሚታረም ነው። የሚያሳስበኝ የቱርቦው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያስተካከለ ሰው የሞከረው በዚያው ስስ አየር ነው። ወደ እኛ ሲመጡ ግን ከጎሐ ጽዮን ወርደው የዓባይ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርዱ፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ከዚያ ወዲያው እስከ ደጀን ያለው ረጅም ዳገት ይጀምራል። የቱርቦው ግፊት የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ በጨመረው መጠን በመሆኑ፣ የአካባቢው አየር ሲወፍር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር አስተካካዩ ካሰበው በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ መኪናው ተጭኖ ዳገት እየወጣ ነው። ከፍተኛ ኦክቴን (በግፊት ያለ ጊዜው ያለመፈንዳት አቅም) ላለው የጃፓን ቤንዚን የተስተካከለ ሞተር ከሆነ ደግሞ፣ እዚህ ማደያው የሚሰጥዎትን ነው የሚቀዱት፤ የሚያማርጡት ነገር የለም። ውጤቱ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት ወይም ከተኮሰ በኋላ ያለ ሥርዓት መፈንዳቱ ነው።

ያን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም፤ ቆሎ በብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ይመስላል። እኔ ከድልድዩ ወጥቼ ዳገቱን አጋምሼ ነው የሰማሁት። ነዳጁን ለቅቄ ቀስ ብዬ ደጀን ደረስኩ፤ «ዳነ» ብዬም ባሕር ዳር ገባሁ። በሳምንቱ ዘይት ሲቀየር መካኒኩ የወለቀውን ፊልትር በመቁረጫ ከፍቶ፣ የውስጡን ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ያዘው። በጥቁሩ ዘይት መካከል የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ዱቄት ነበረበት። ሞተሩ ሲፈታ የአንዱ ቢዬላ (ፒስቶኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚን፣ ማለትም በመሐላቸው ያለው ስስ የብረት ልባስ፣ ተበልቶ፣ ኮሎውም (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ተጭሮ ተገኘ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ፣ መኪናው አራት ወር በሸራ ተሸፍኖ ግቢ ቆመ፤ እኔም በባጃጅ ተመላለስኩ። ያወጣሁት ገንዘብ መኪናውን ከገዛሁበት ዋጋ ሲሶ ያህል ነበር። የሞተሩን ኮምፒውተር አንብቦ ግፊቱን ወደ ፋብሪካው ልክ የሚመልስልኝ ባለሙያም በከተማችን አላገኘሁም፤ ለዚያም እንደገና ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ማርሚታውን በተመለከተ፣ ሰፊ ማርሚታ ድምፅ ለማሳመር ብቻ የገባ ከሆነና ኮምፒውተሩ ከእሱ ጋር ካልተስተካከለ፣ የቱርቦው ግፊት በራሱ እየጨመረ ሊሄድ እንደሚችል ይወቁ። ስለዚህ «ማርሚታ ብቻ ነው የቀየርኩት» የሚል ሻጭ ምንም አልነካሁም ማለቱ አይደለም።

ስለ ሊብሬ ማንም ስላላነሣልዎት እኔ ላንሣው። ብዙ የተነካኩ መኪኖች ሞተራቸው ተቀይሯል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ካልሆነ ወይም ለውጡ በሕጋዊ መንገድ ካልተመዘገበ፣ ችግሩ የሚወጣው ገንዘብዎን ከከፈሉ በኋላ ስመ ንብረት ሲያዛውሩና በየዓመቱ ቦሎ ሲያወጡ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቁጥሩ ያለው ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት በኩል ስለሆነ፣ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ፤ ቅባቱን ጠርገው በዓይንዎ ያንብቡት እንጂ ደላላው ፎቶ አንሥቶ የላከልዎትን አይመኑ። ቀለሙም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ደግሞ የመሪውን መገጣጠሚያ በብየዳ የነካው መኖሩን በመካኒክ ያስዩት። ዕዳና እገዳ ማጣራቱን ለማንኛውም መኪና ስለሚያደርጉት አልደግመውም።

ጎማዎቹን ሲያዩ አራቱም አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ መሆናቸውን ይመልከቱ። ይህ መኪና አራቱንም ጎማ ስለሚጎትት፣ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ከተቀላቀለ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው መሐከለኛው ዲፈረንሻል ሳያርፍ እየሠራ ይቃጠላል። የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን ሥራ ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለም ያልተቀየረ ነው ብለው ዋጋው ውስጥ ያስገቡት፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉና። ሙሉ መድን የሚገቡ ከሆነም የተለወጠውን ሁሉ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

«ታዲያ ልግዛ?» ላሉት፣ ሻጩ የፋብሪካውን ሞላ፣ ማርሚታና የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ፋይል አስቀምጦ ከሆነ፣ ሥራውን የሠራው ጋራዥም ተጠይቆ የሚመልስ ከሆነ፣ እኔ እገዛዋለሁ፤ ገዝቼም ግፊቱን በፋብሪካው ልክ አስመልሼ፣ ሞላውን ቀይሬ ነው ወደ ባሕር ዳር የማመጣው። በፋብሪካው ልክም ቢሆን እኮ እዚህ ከተማ፣ በብስክሌትና በባጃጅ መካከል፣ ከኃይሉ ግማሹን የሚጠቀሙበት ቦታ የለም። ከነዚህ አንዱም ከሌለው ግን ለሁለት መኪና የሚሆን ገንዘብ ካልያዙ በቀር አይግቡበት።

ለማየት ሲሄዱ ለሻጩ ሰዓቱን አስቀድመው አይንገሩት፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ደርሰው ይደውሉ። ኮፈኑን አስከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ፤ ሞቆ ካገኙት ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ እንዲጠፋ የሚደረግ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሥተው ያዳምጡ፣ ከዚያ አዲስ ፊልትርና ዘይት በራስዎ ወጪ እንደሚገዙለት ነግረው አሮጌውን ፊልትር አስወልቀው ያስቆርጡት። በዚህ ካልተስማማ ሒሳብዎን ይዘው በዚያው ቀን ይመለሱ።