ከዴንቨር ለምትመጣው እህታችን፦ ቤልትዌዩ፣ ሩት 29 እና የልጃችሁ ሃይስኩል

እህቴ እንኳን ደህና መጣችሁ ልበል አስቀድሜ። ጥያቄሽ ስር የተጻፈውን ኮመንት ሁሉ አነበብኩት፣ ግማሹ ት/ቤቱ አሪፍ ነው ይላል፣ ግማሹ ትልቅ ነው ልጅ ይጠፋበታል ይላል፣ ሬቲንግ የለጠፈም አለ፣ መንገዱን ያነሳ ግን አንድ ሰው አላየሁም። እዚህ ሰፈር ደግሞ የእለት ኑሮሽን የሚወስነው መንገዱ ነው።

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ ቤተሰቡ ከዴንቨር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሊዛወር ነው፣ ባልየው ቨርጂኒያ ታይሰንስ ስራ አግኝቷል፣ እሷ ዋይት ኦክ ልትሰራ ነው፣ ልጃቸው ገና ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው 9ኛ ክፍል ይገባል። ሁለት ቤት አግኝተዋል፣ አንዱ ፎር ኮርነርስ፣ ቤልትዌዩ (ዲሲን የሚዞረው ሃይዌይ) አጠገብ ካለው ትልቁ ሃይስኩል፣ ከሞንጎመሪ ብሌር ጋ፣ ሌላው ወደላይ በርተንስቪል። የቱን እንከራይ ነው የምትለው።

እኔ ልጆቼን እዚሁ ነው ያሳደግኩት፣ ሁለቱም በሞንጎመሪ ካውንቲ ሃይስኩል አልፈዋል፣ እንጀራዬም መሪ ላይ ነው፣ ቤልትዌዩን ከሚስቴ በላይ ነው የማየው። የኔ መልስ ፎር ኮርነርስ ነው፣ ግን ቤቱ ከት/ቤቱ ጋር ከቤልትዌዩ በአንድ ወገን ከሆነ ብቻ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ረዘም ይላል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ቦታውን እዪው። ሞንጎመሪ ብሌር ያለው ኮልስቪል ሮድ (ሩት 29 የሚሉት)፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ እና ቤልትዌዩ፣ 495 ማለት ነው፣ አጥረው የያዙት ሶስት ማዕዘን ውስጥ ነው። ኤግዚት 29 ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኤግዚት 30 ኮልስቪል፣ ሁለቱም ከት/ቤቱ ግራና ቀኝ ናቸው። ብዙ ሰው ሃይዌዩን አምጥተው ት/ቤቱ ላይ የጣሉት ይመስለዋል ግን ተገላቢጦሹ ነው፣ ቤልትዌዩ ዙሪያው ገጥሞ ያለቀው በ1964 ነው፣ ት/ቤቱ ዌይን አቬኑ ከነበረው ከድሮው ህንጻ ወደዚህ የመጣው በ1998። ከ3,000 በላይ ተማሪ አለው፣ ክፍል የሚጀምረው ጠዋት 7:45 ነው፣ ስለዚ ከ7 ሰዓት ጀምሮ ስኩል ባሱ፣ ወላጁ፣ አስተማሪው፣ ወደ ዲሲና ወደ ቨርጂኒያ የሚሮጠው ሰራተኛ ሁሉ እኩል እዛ መስቀለኛ ላይ ይገናኛል። የአዲስ አበባውን መገናኛ በአገር ቤት ሰዓት ማታ በ11 አስቢው፣ ብቻ እዚህ ረዳት አይጮህም፣ ሁሉም መኪናው ውስጥ ቡናውን ይዞ ዝም ብሎ ነው የሚናደደው።

አሁን አንቺን እንይ። ጠዋት ሰዉ በሩት 29 የሚወርደው ወደ ደቡብ ነው፣ ወደ ዲሲ። ከፎር ኮርነርስ ወደ ዋይት ኦክ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው፣ ስለዚ ከትራፊኩ ተቃራኒ ትሄጃለሽ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ጋ እስክትደርሺ ብዙም አያስቸግርሽም። ከበርተንስቪል ከመጣሽ ግን ከሚወርደው ሰው ጋር አብረሽ ነው የምትወርጂው። ርቀቱም ይበልጣል። እሱ ላይ ብዙ አልልም፣ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ወደ ዳውንታውን ሲልቨር ስፕሪንግ ስትወርጂ ከስላይጎ ክሪክ በታች ኮልስቪል ላይ በራሽ አወር አቅጣጫው የሚገለበጥ ሌን አለ፣ ከላይ የተሰቀለውን መብራት እዪ፣ ቀይ ኤክስ ከሆነ ያ ሌን ያንቺ አይደለም። አዲስ ሰው በጣም ነው የሚደነግጥበት።

ባለቤትሽ ላይ ነው ጉዳዩ የሚከብደው። ታይሰንስ ማለት ጠዋት አውተር ሉፕ (ከዚህ ወደ ቨርጂኒያ የሚወስደው የቤልትዌዩ ወገን) መግባት ነው፣ ከሃይዌይ 95 መገናኛ ጀምሮ እስከ ጆርጂያ አቬኑ፣ አንዳንዴም እስከ ኮኔቲከት አቬኑ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እሱ ነው፣ ከፎር ኮርነርስ ሲገባ ደግሞ ልክ መሃሉ ላይ ነው የሚገባው። ማታ ሲመለስ በኢነር ሉፕ፣ በተቃራኒው ወገን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ከሚያገናኘው ከአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ጀምሮ ያው ነው። ቨርጂኒያ በኩል ኤክስፕረስ ሌን የሚባል የሚከፈልበት ሌን አለ፣ ዋጋው ትራፊኩ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፣ ኢዚፓስ ፍሌክስ (መኪና ላይ የሚለጠፍ የመንገድ መክፈያ) ኖሯችሁ 3 ሰው መኪና ውስጥ ካለ በነጻ ነው፣ ግን ይሄ ድልድዩን ለተሻገረ ሰው ነው የሚጠቅመው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለቆመ ሰው ምንም አያደርግለትም።

ከበርተንስቪል ከሆነ ግን አይሲሲ አለለት። አይሲሲ ማለት ሩት 200፣ የሚከፈልበት መንገድ፣ ወደ 18 ማይል ገደማ ነው፣ ትልቁ ክፍል በ2011 ነው የተከፈተው፣ ጌይተርስበርግ አካባቢ ካለው ሃይዌይ 370 ተነስቶ በ95 አልፎ እስከ ሩት 1 ይደርሳል። ኦሮራ ያለውን ኢ-470 ታውቁታላችሁ፣ እንደሱ ገንዘብ ተቀባይ የለውም፣ እዚህ ሁሉም በካሜራና በኢዚፓስ ነው፣ በራሽ አወር ይወደዳል፣ ኢዚፓስ ከሌለሽ ቢሉ ቤት ይመጣል የበለጠም ይወደዳል። በሱ ሄዶ በሃይዌይ 270 ወርዶ ድልድዩ ጋ ይደርሳል፣ የቤልትዌዩን ክፉ ክፍል ዘለለው ማለት ነው። ማይሉ ይረዝማል፣ ብሩም በወር ሲደመር ትንሽ አይደለም፣ ግን መንገዱ ይንቀሳቀሳል። ለባለቤትሽ ብቻ ቢሆን በርተንስቪል በሉ ነበር የምለው።

ግን ልጁ አለ። ለኔ ሚዛኑን የደፋው እሱ ነው።

የካውንቲው ደንብ ለሃይስኩል ተማሪ ከ2 ማይል በታች ከሆነ ቤቱ ባስ አይመደብለትም፣ በእግሩ ነው። ወላጅ ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል፣ እኔ ግን ለአዲስ ልጅ ዕድል ነው እላለሁ። ለምን፣ ት/ቤት የሚያልቀው 2:30 ነው። በባስ የሚሄድ ልጅ 2:30 ላይ ባሱ ካመለጠው አለቀ፣ እናቱ ስራ ነች አባቱ ድልድይ ላይ ነው። ስለዚ አይቆይም፣ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይዞ ይተኛል። ከአገር ቤት ገና የመጣ ልጅ ጓደኛ የሚያገኘው ግን ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ክፍል ውስጥማ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያየው፣ ከ2:30 በኋላ ነው፣ ኳስ ሜዳ፣ ክለብ፣ የሂሳብ እርዳታ የሚሰጥበት ክፍል፣ ወይም በቃ ደጁ ላይ ቆሞ ማውራት። የኔ ትልቁ በእግሩ የሚመለስ ነበር፣ እንግሊዝኛውን ያቀናው እዛ ሜዳ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። በታናሽየዋ ጊዜ ቤት ቀይረን ባስ ሆነ፣ ጎበዝ ተማሪ ነች ግን እስከ 11ኛ ክፍል ድረስ የት/ቤት ጓደኞቿን በስልክ ነው የምታውቃቸው ማለት ይቻላል። አክቲቪቲ ባስ የሚባል ከሰዓት በኋላ ለሚቆዩ ልጆች የሚወጣ ባስ አለ፣ የምትመርጡት ት/ቤት በየትኞቹ ቀኖች እንዳለውና የት ሰፈር ድረስ እንደሚሄድ ሳትጠይቁ እንዳትመዘገቡ።

እግሩ እንዲጠቅመው ግን ቤልትዌዩን መሻገር የለበትም፣ ከላይ በአንድ ወገን ያልኩት ለዚህ ነው። ካርታ ላይ ስታዪው ከቤልትዌዩ በታች ያለው ቤት ለት/ቤቱ ቅርብ ነው፣ የቤት አከራዩም "5 ደቂቃ ነው" ይልሻል፣ በመኪና። በእግር ግን ኮልስቪል ወይም ዩኒቨርሲቲ ላይ ባለው መገናኛ በኩል ከሄደ የሃይዌይ መግቢያና መውጫ ራምፖችን ማለፍ አለበት፣ ከሃይዌይ የሚወጣ ሹፌር ደግሞ አይኑ የሚያየው የሚመጣበትን መኪና ነው፣ በቀኝ የቆመ ልጅ አይታየውም፣ ይሄን እንደ ሹፌር ነው የምነግርሽ። ጥር መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ7:20 በኋላ ነው፣ ልጁ ደግሞ 7 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነው፣ ገና በደንብ ሳይነጋ። ልጆቻችን ጥቁር ጃኬት ነው የሚወዱት፣ ተጣልታችሁም ቢሆን የሚያብረቀርቅ ነገር ቦርሳው ላይ አስሩበት። ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የስራ ቀን 7 ሰዓት ላይ ከቤቱ በር ተነስታችሁ በእግር ሂዱ፣ ቅዳሜ ሄዳችሁ አታውቁትም።

በርተንስቪል ከሆነም ባስ ይመጣለታል እንጂ ችግሩ ያው መንገድ ነው። የሜሪላንድ ህግ ስኩል ባስ ቀይ መብራት አብርቶ ሲቆም ከሁለቱም በኩል ቁሙ ይላል፣ መሃሉ በሚዲያን የተከፈለ መንገድ ላይ ግን ከተቃራኒ የሚመጣው መኪና እንዲቆም አይገደድም። ልጁ ይሄን ማወቅ አለበት፣ ባሱ ስለቆመ ሁሉም ቆመ ብሎ ዘሎ እንዳይገባ። አንቺም እወቂው፣ ባሶቹ ላይ ካሜራ አለ፣ ባልተከፈለ መንገድ ላይ ካለፍሽ ቲኬቱ ቤትሽ ነው የሚመጣው።

ስለ ምዝገባው ቶሎ ልበል፣ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ፎር ኮርነርስ ተከራየሁ ማለት ብሌር ገባሁ ማለት አይደለም። ያ ሰፈር ዳውንካውንቲ ኮንሶርሺየም የሚባለው፣ ልጆች አንዱን የሚመርጡበት የሃይስኩሎች ቡድን፣ ውስጥ ነው፣ ብሌር፣ አይንስታይን፣ ኬኔዲ፣ ኖርዝዉድ፣ ዊተን። ልጆቹ 8ኛ ክፍል እያሉ በፎል (በመጸው) ነው የሚመርጡት፣ እናንተ ከዛ በኋላ ስለምትመጡ በአብዛኛው አድራሻችሁ የሚያደርሳችሁን ነው የምታገኙት። አንዱ መንገድ ብሌር ነው ቀጣዩ መንገድ ኖርዝዉድ ሊሆን ይችላል፣ ኖርዝዉድ ደግሞ ህንጻው እየታደሰ ስለሆነ ከ2024 ጀምሮ ተማሪዎቹ በባስ ኦልድ ጆርጅታውን ሮድ ዉድዋርድ ህንጻ ድረስ ነው የሚመላለሱት፣ ያኔ በእግሩ ይሄዳል ያልኩሽ ሁሉ ውሃ በላው። የካውንቲው ዌብሳይት ላይ አድራሻ ስታስገቢ ት/ቤቱን የሚነግርሽ ገጽ አለ፣ ከቤት ቁጥሩ ጋር አስገቢ። በርተንስቪል ሌላ ኮንሶርሺየም ነው፣ ፔይንት ብራንች፣ ብሌክ እና ስፕሪንግብሩክ። አዲስ ህንጻዎች ሲከፈቱ ወሰኑም ምርጫውም ስለሚነካ ከጎረቤት የሰማሽውን ሳይሆን የዘንድሮውን እዪ። ማግኔት ያሉሽን ልዩ ፕሮግራም ደግሞ እርሺው፣ እሱ ቀድሞ ተወዳድሮ የሚገባበት ነው፣ ሰፈሩ ስለሆንሽ አይሰጥሽም።

ልጁ ከውጭ አገር ስለመጣ መጀመሪያ ት/ቤቱ ጋ ሳይሆን የካውንቲው የኢንተርናሽናል አድሚሽን ቢሮ ጋ ነው የምትሄዱት። የክትባት ካርድ፣ የቲቢ ምርመራ፣ ፓስፖርት፣ ከአዲስ አበባ ትራንስክሪፕት፣ የመኖሪያ ማስረጃ። ቤት እስክታገኙ ዘመድ ጋ ካረፋችሁ አትደባብቁት፣ አብሮ ለሚኖር ቤተሰብ የሚሞላ ፎርም አለ፣ ዘመዳችሁ ይፈርምበታል። አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ ብዙ ወረቀት በአማርኛ አለ፣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

መኪና ልግዛለት የሚል ሃሳብ ካላችሁ ገና ነው። ሜሪላንድ ለርነርስ ፐርሚት 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው ነው፣ ከዛ 9 ወር መያዝ አለበት፣ ከትልቅ ሰው ጋር 60 ሰዓት መንዳት አለበት፣ ላይሰንሱን ካገኘም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ከቤተሰብ ውጭ ከ18 በታች ጓደኛ መጫን አይችልም። ቤልትዌዩ ላይ በኤግዚት 29 እና 30 መሃል ሰዉ በዛች አጭር ቦታ ሲገባና ሲወጣ እኔ ራሴ መስታወት ሶስቴ አያለሁ። ይልቅ ፍላሽ የሚሉትን ሰማያዊ ባስ ልመዱት፣ ከ2020 ጀምሮ ሩት 29 ላይ ይሰራል፣ ከበርተንስቪልና ከብሪግስ ቼይኒ ተነስቶ ፎር ኮርነርስ ጋ ቆሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ይገባል። አንቺም ለዋይት ኦክ ይሆንሻል መኪናው ሲበላሽ።

አንድ ነገር ግን መልሴን ይቀይረዋል። ባለቤትሽ በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ከቤት የሚሰራ ከሆነ፣ ወይ ሺፍቱ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚያደርሰው ከሆነ፣ 2:30 ላይ ወይ 4:30 ላይ ልጁን ከሜዳ የሚያነሳ ሰው ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው፣ ያኔ በርተንስቪልን ውሰዱት፣ አይሲሲውም በሁለት ቀን ብዙ አይከብድም። ስለዚ ሰዓቱን ጻፊልኝና በዛ ልንገርሽ፣ የቤቶቹን ቁጥር ግን እዚህ እንዳትለጥፊ፣ መንገዱን ብቻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።