የተሰበረው እጅ ድኖ ወለምታው ለምን ቆየ?

የእጅህ ስብራት በ6 ሳምንት ሲገጥም፣ በዚያው ቀን ወለም ያለህ ቁርጭምጭሚት እስካሁን ማስቸገሩ ገርሞህ ጠይቀሃል። ያጋጥማል። ወለምታ የጅማት ጉዳት ነው። አጥንትም ጅማትም አያያዥ ህብረ ሕዋስ (የሰውነትን ክፍሎች የሚያያይዝና የሚደግፍ) ናቸው።  ትልቁ ልዩነት የደም አቅርቦቱ ላይ ነው።

አጥንት ደረቅ ይምሰል እንጂ በደም ስር የተሞላ ነው። ሲሰበር ራሱን የመሰለ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጅማት ግን በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ እንደ ገመድ በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ክሮች። ሕዋሱም ደም ስሩም ጥቂት ነው። ሲበጠስ ክፍተቱ መጀመሪያ የሚሞላው በቀጭንና ዝብርቅርቁ በወጣ ኮላጅን ነው። ክሮቹ ተስተካክለው እስኪጠነክሩ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። የመገጣጠሚያ ልም አጥንትማ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) ጭራሽ ደም ስር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ እሱም ስትንቀሳቀስ።

ስለዚህ እግርህን አስረህ አትቀመጥ። ክሮቹ መስመር የሚይዙት ቀስ በቀስ ጫና ሲያገኙ ነው። ጥርስህን ስትቦርሽ በአንድ እግር መቆም ተለማመድ። ትኩስ ጉዳትን ወጌሻ ጋ ሄዶ አጥብቆ ማሳሸት ግን እብጠት ላይ እብጠት መጨመር ነው ባይ ነኝ። ስትራመድ ቁርጭምጭሚትህ እየከዳህ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ይየው።