ጎሪላ ፍለጋ ብዊንዲ ልትገቡ ነው? ጠይቁኝ

ብዊንዲ በዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከኮንጎ ድንበር ጋር የተለጠፈ 331 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የዝናብ ደን ነው። በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ1994 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዓለም ላይ ካሉት የተራራ ጎሪላዎች ግማሽ ያህሉ እዚያ ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ ተሸውጄ፣ አንዴ ገብቶኝ። የምታውቁት ሰው ሊሄድ ካሰበም ጥያቄውን ይዛችሁለት ኑ።

ከአዲስ አበባ፦ መጀመሪያ የምቆርጠው የአውሮፕላን ትኬት ነው ወይስ ሆቴል ልያዝ?

ሁለቱንም ተወውና ጎሪላ የማየት ፈቃዱን ያዝ። ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚፈቀደው ስምንት ጎብኚ ብቻ ነው፤ ሰው በሚበዛበት ወቅት ከወራት በፊት ያልቃል። ደግሞ ፈቃዱ ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን የምትገባበት በርም ተጽፏል። አራት አሉ፦ ቡሆማ በሰሜን፣ ሩሂጃ በምሥራቅ፣ ሩሻጋና ንኩሪንጎ በደቡብ። ካርታ ላይ ስታያቸው ጎረቤት ይመስላሉ፤ በመኪና ግን ተራራውን እየዞሩ ሰዓታት ነው።

እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው። ጉዞውን ያዘጋጀልኝ ሰው ፈቃዴን ሩሻጋ፣ አልጋዬን ቡሆማ አደረገው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተን፣ በጭቃው ሁለት ጊዜ ተይዘን ስንደርስ ከመግባት በፊት ለጎብኚው የሚሰጠው ገለጻ አልቆ ሰዉ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ለጥቂት ተረፍኩ። ስለዚህ መጀመሪያ በሩ ይታወቅ፣ አልጋው እዚያው በሩ አጠገብ ይያዝ፣ ትኬቱ መጨረሻ።

የሰዓቱን ነገር ካነሳን፣ ገለጻው የሚጀምረው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሉጋንዳ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጁ ይዞራሉ። ሾፌራችሁን ሁለቴ ጠይቁት።

ከካምፓላ፦ እዚሁ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ይቀንሱልኛል?

ይቀንሳሉ፣ ግን በመኖሪያ ፈቃዱ ሳይሆን በአፍሪካዊ ዜግነትሽ። በሐምሌ 2024 (በፈረንጆቹ) በወጣው ዋጋ የውጭ ጎብኚ 800 ዶላር፣ ነዋሪ የሆነ የውጭ ዜጋ 700 ዶላር፣ የሌላ አፍሪካ አገር ዜጋ ደግሞ 500 ዶላር ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዜጋ 300,000 የዩጋንዳ ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች ለዚህኛው ጎረቤት ነን ብለን ብንከራከርም አይሠራም። ፓስፖርትሽን ዋናውን ይዘሽ ሂጂ።

ከዳላስ፦ ሩዋንዳ ይቀላል ይላሉ። ለምን እዚያ አልሄድም?

ይቀላል፤ ከኪጋሊ ፓርኩ ቅርብ ነው። ግን ፈቃዱ ለውጭ ጎብኚ 1,500 ዶላር ነው። አስታራቂው መንገድ ኪጋሊ አርፎ በመኪና ድንበር አቋርጦ ሩሻጋ መግባት ነው፤ ከካምፓላ ሙሉ ቀን ከሚፈጀው መንገድ በብዙ ያጥራል። ለዩጋንዳ፣ ለሩዋንዳና ለኬንያ በጋራ የሚያገለግለውን የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ ጠይቅ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ከፓስፖርትህ ጋር አስቀምጠው፤ የወባ መድኃኒቱንም ሐኪም አማክር።

ከባሕር ዳር፦ በየትኛው ወር?

እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ይሆናል። ለመስቀል እረፍት ካሰብሽ ግን ዝናቡ እዚያ ገና እየጀመረ ነው። ደረቅ ማለትም ያው በዝናብ ደን ልክ ነው፣ የዝናብ ልብስ አይቀርም።

ከአዲስ አበባ፦ በየሳምንቱ እንጦጦ እወጣለሁ። አይበቃኝም?

ትንፋሽህ ይበቃል። የአዲስ አበባ ልጅ በከፍታው አይቸገርም። የሚያስቸግረው መንገድ አለመኖሩ ነው። ዱካ ፈላጊዎቹ ገና ሳይነጋ ገብተው ጎሪላዎቹ ትናንት ያደሩበትን ጎጆ ያገኛሉ፣ ከዚያ በሬዲዮ ይጠራሉ። አስጎብኚው ቅጠሉን በገጀራ እየመታ ይገባል፣ አንተ ትከተላለህ። የምትረግጠው መሬት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ ነው፣ እግርህ እስከ ጉልበት ድረስ ጥልቅ ይላል። ስትወድቅ የምትይዘው ነገር ደግሞ ሳማ ነው። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ስድስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ ጎሪላዎቹ ናቸው የሚወስኑት።

ስለዚህ፦ ወፍራም የአትክልተኛ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ሱሪህን ካልሲ ውስጥ ክተተው። ይሄን የምለው ለጉንዳኑ ነው። የጉንዳን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሱሪውን በሰው ፊት ሲያወልቅ አይቻለሁ፤ ማንም አልሳቀበትም፣ ሁሉም የራሱን እግር ነበር የሚያየው። ቦቲ ጫማ ለጭቃው ደህና ይመስላል እንጂ ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚት አይዝም። የለመድከውን የተራራ ጫማ አድርግ፤ አዲስ ገዝተህ እንዳትሄድ።

ከሮም፦ እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ላስቀራት?

አታስቀሪያት፣ ግን ጠዋት በገለጻው ሰዓት ለጠባቂዎቹ በግልጽ ንገሪያቸው። ጎብኚዎችን በየቤተሰቡ የሚደለድሉት እነሱ ናቸው፤ ቀረብ ወዳለው ሊመድቧችሁ ይሞክራሉ። ለእማማ ተሸካሚ ያዢላቸው። ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው፤ ቦርሳ ከመሸከሙ ይልቅ ዳገት ላይ እጅ ስቦ የሚያወጣው ነው የሚጠቅመው። ጉልበታቸው ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ እዚያ «ሄሊኮፕተር» የሚሉት አለ፤ ሰዎች እየተፈራረቁ በወንበር ተሸክመው ይወስዷቸዋል። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ አስቀድመሽ ንገሪ።

ከጎንደር፦ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ መሐል ተቀምጠን ፎቶ እንነሳለን። ጎሪላም እንደዚያ ነው?

በፍጹም። ሕጉ 10 ሜትር ነው፣ ጭምብልም ታደርጋለህ። ምክንያቱ ጎሪላው ይመታሃል ተብሎ ብቻ አይደለም፤ አንተ ትገድለዋለህ ተብሎ ነው። የእኛ ጉንፋን ይይዛቸዋል። በ1996 ብዊንዲ ውስጥ እከክ ገብቶባቸው ነበር፤ ከሰው እንደመጣ ነው የሚታመነው። በዚያ ጊዜ ያከመቻቸው ዩጋንዳዊቷ የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ኋላ ላይ የሰዉንና የጎሪላውን ጤና አብሮ የሚከታተል ድርጅት መሠረተች። ካሳለህ አትግባ።

10 ሜትሩን የማያውቁት እነሱ ናቸው። አንዱ ግልገል ሐረግ ላይ እየተወዛወዘ እኛው ፊት ወደቀ። ጀርባው እንደ ብር የነጣው አባወራ ከተኛበት ቀና አለ፣ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አስጎብኚያችንም ያንኑ ድምፅ መለሰለት። «ሰላም ነው» ማለት ነው። እኛ ዓይናችንን ሰብረን ወደ ኋላ ተንፏቀቅን። ወደ አንተ ቢመጣ አትሩጥ፤ ጎንበስ በል፣ አስጎብኚውን እይ። የተሰጠህ አንድ ሰዓት የሚቆጠረው ካገኘሃቸው በኋላ ነው። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው።

ልጄ 13 ነው፣ ግን ቁመቱ...

አይገባም። 15 ነው፤ ፓስፖርት ያያሉ።

ጾም ላይ እሆናለሁ። የሚበላ አለ?

ማቶኬ (የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ)፣ ባቄላ፣ የኦቾሎኒ ወጥ፣ ድንች፣ ጎመን። ከአዲስ አበባ ምግብ ቤት ይልቅ ይቀላል። የምሳ ዕቃውን ሲቋጥሩላችሁ ግን እንቁላል እንዳይከቱበት በዋዜማው ንገሯቸው።

ከለንደን፦ ይሄ ሁሉ ብር ለማን ነው የሚሄደው?

ከፊሉ ለጥበቃው። በ2020 ራፊኪ የሚባለውን የንኩሪንጎ ጎሪላ አባወራ አንድ አዳኝ በጦር ገደለው፤ 11 ዓመት ተፈረደበት። ከገቢውም ድርሻ ለአጎራባች መንደሮች ይደርሳል። የማይወራው የባትዋዎቹ ጉዳይ ነው። ከጥንት ጀምሮ ደኑ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ፓርኩ በ1991 ሲከለል ተባረሩ፣ አብዛኞቹም መሬት አላገኙም። ዛሬ ለጎብኚ ጭፈራ ያሳያሉ። እኔ ጭፈራውን አይቼ ደስ አላለኝም፤ ባትዋው ራሱ መርቶ ደኑ ዳር የመድኃኒት ቅጠል የሚያሳይበትን ጉዞ ግን ደግሜ እሄድበታለሁ። ገንዘቡን በእጁ ስጡት።

ከመቀሌ፦ ጉርሻ ለተሸካሚው በዶላር ነው በሽልንግ?

በሽልንግ፣ ዘርዝረህ። ዶላር ከሰጠኸው ለመመንዘር ከተማ መውረድ አለበት። ከዶላር በቀር ከሌለህ ደግሞ ያረጀና የተቀደደ አትያዝ፣ አይቀበሉትም።