ጠይቁኝ፦ የአባቴን ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ልሽጠው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ እኔ ባሕር ዳርና ዘጌ መሀል በምትመላለስ ጀልባ ላይ ረዳት ነኝ፣ አምሽተን ስንመለስ ባትሪ የግድ ነው። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ገዛሁ፣ ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩልህ ፀሐይ ነው የሚያክለው፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ግን አምስት ደቂቃ አብርቶ ድርግም ይላል። ቤት ውስጥ አባቴ ድሮ ታንኳ ላይ ይዞት ይወጣ የነበረ ባለ ሦስት ድንጋይ የቆርቆሮ ባትሪ አለ፣ እስካሁን ይሠራል ግን ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነው። የትኛውን ልያዝ? የድሮውን ገዢ ከተገኘ ልሽጠው?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ የአባትህን እንዳትሸጥ። ቆራሌው እንደሆነ በኪሎ ነው የሚመዝንልህ፣ እኔ ቤት ካሉት አርባ ምናምን ባትሪዎች ግማሹ እንደዚህ ሰው ሰጥቶት ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ ያወጣሁት ነው፣ እና እያንዳንዱን ባነሳሁ ቁጥር ይሄን ይዞ ሌሊት ሐይቅ ላይ ያደረ ሰው ነበረ እያልኩ አስባለሁ። ያንተ ደግሞ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን የገዛሃቸው ለምን እንደሞቱ። ከጀርባቸው ተገፍቶ የሚወጣ የሶኬት ጥርስ ካላቸውና ለመጠናቸው ከበድ ካሉ፣ ውስጣቸው ያለችው 4 ቮልት የሆነች ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ልትሆን ትችላለች፣ የመኪና ባትሪ ታናሽ እህት በላት። እሷ ደግሞ ባዶዋን መቀመጥ አትወድም፣ ጨርሰሃት ሳትሞላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከረሳሃት ሳህኖቿ ላይ ክሪስታል ይጋገርና ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ብትሰካት አትቀበልም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ካልሞላህ አታስቀምጥ፣ ባትጠቀምበትም በየወሩ ሙላው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳለ እንዳትፈታው! ብዙዎቹ ርካሾች ውስጥ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር የለም፣ 220 ቮልቱ በአንዲት ካፓሲተር አልፎ ነው የሚገባው፣ ውስጡን የነካ እጅ የግድግዳውን መብራት እንደነካ ቁጠረው።

ለጀልባ ስትገዛ ሻጩ ከማብራቱ በፊት አንተ ፍታው። ቅዳሜ ገበያም ሆነ የትም ቦታ እኔ ባትሪ ስገዛ መጀመሪያ የማደርገው የጀርባውን ክዳን ማዞር ነው፣ ድንጋዩ ወጥቶ በሌላ የሚተካ ከሆነ መቀጠል ነው፣ በሙጫ የታሸገ ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢያበራ ድንጋዩ የሞተ ቀን ዕቃውም አብሮ ይሞታል፣ ያንተም ሦስቱ የሄዱት እንደዚያ ነው። ከዚያ የክዳኑን ጥርስ ተመልከት፣ ጠለቅ ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ሥሩ ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት አለ ወይ? ሞላው ወፍራም ነው ወይስ በጣትህ ጫን ብታደርገው ተጣሞ ይቀራል? አብርተህ መዳፍህ ላይ መታ መታ አድርገው፣ ብልጭ ድርግም ካለ መልስለት፣ ጀልባው ሞገድ ሲመታው የሚሆነውን ነው አሁን ያሳየህ።

ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ 4 የሚል ካለ የውሃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው፣ አይፒኤክስ 7 ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየት የሚችል ነው፣ ላንተ ሥራ ሁለተኛው ነው የሚሆነው። ጽሑፉን ብቻ አትመን ግን፣ ቤት ወስደህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከረውና ጠርገህ ክፈተው፣ ውስጡ እርጥበት ከታየህ ሐይቅ ላይ ይዘኸው አትውጣ። ይሄን ያህል ሰዓት ያበራል የሚለውም ቢሆን፣ ደህና ፋብሪካዎች የሚከተሉት መለኪያ ሰዓቱን የሚቆጥረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው፣ ስለዚህ 8 ሰዓት ሲልህ ስምንቱንም ሰዓት እንደ መጀመሪያው ያበራል ብለህ እንዳትጠብቅ።

የአባትህንም ቢሆን ጀልባው ውስጥ በሁለተኛነት ያዘው። ብርሃኑ ቢያንስም ከአምፖሉ ጀርባ ያለው መስታወት ጎድጓዳ ስለሆነ ጠባብ አድርጎ አርቆ ይወረውራል፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ማታ ጉማሬ እንዳለ ለማየት ከፊትህ ያለውን ብቻ አጥለቅልቆ ከሚያበራ ርካሽ ባትሪ እሱ ይሻልሃል። አምፖሉ ከተቃጠለ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ፣ ለሁለት ድንጋይ 2.5፣ ለሦስት ድንጋይ 3.8 ነው የሚገባው፣ ባለ 2.5ቱን ሦስት ድንጋይ ላይ ከሰካኸው ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከሽምብጥ ነው የምጽፈው። የአያቴ ሳጥን ውስጥ የሚያምር የድሮ ባትሪ አገኘሁ፣ ግን ድንጋዮቹ ውስጥ ፈንድተው ተጣብቀዋል፣ ነጭና አረንጓዴ ነገር ወጥቶባቸዋል። ይድናል?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ቆርቆሮው ካልተበሳ ብዙ ጊዜ ይድናል። ተራው ድንጋይ ውጪው ራሱ ዚንክ ነው፣ ዚንኩ ደግሞ ማቀፊያ ብቻ ሳይሆን ኔጌቲቩም እሱ ነው፣ መብራት በሰጠ ቁጥር እየተበላ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ተበስቶ የውስጡ ያፈሳል። አያትሽ አጥፍተው ሲያስቀምጡት ድንጋዩን አላወጡትም ማለት ነው፣ እኔ ከሰበሰብኳቸው ውስጥ የተበላሹት በሙሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ነው።

ጓንት አድርጊና ዓይንሽን ጠብቂ። የፊቱን አምፖልና መስታወት ፈትተሽ አውጪ፣ መስታወቱን ግን በጣትሽ እንዳትነኪው፣ ያ ብር መሳይ ቅብ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ተራ ድንጋይ ከሆነ ፍሳሹ አሲድነት ስላለው ቤኪንግ ሶዳ በለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ውስጡን ሙይውና አሳድሪው፣ አልካላይን የሚል ጽሑፍ ካለው ደግሞ በተቃራኒው አቼቶ ወይ ሎሚ ነው የሚፈታው። ጠዋት ከፊት በኩል በወፍራም እንጨት ቀስ እያልሽ ግፊው፣ በብረት እንዳትፈነቅዪ፣ በመሰርሰሪያ የሞከረ ሰው አውቃለሁ ባትሪውን ቀደደው። ሲወጣ በንጹህ ውሃ አጥበሽ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቂው። ሞላውንና የመዳቡን ምላስ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ማድረግ ይቻላል፣ ውጪውን ግን በጭራሽ፣ ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ ስስ ኒኬል ነው፣ ከተነሳ ሥሩ ያለው ናስ ወይም ብረት ይወጣል። የአያትሽ እጅ ያረፈበት ቦታ የደበዘዘው ባለበት ይቆይ፣ እኔ ብሆን አልነካውም።

ጥያቄ፦ 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ርካሽ አገኘሁ፣ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። 18650 የሚባለው፣ ማለትም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ፣ ምርጥ የሚባለው እንኳ ወደ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው የሚይዘው፣ ከዚያ ብዙ የራቀ ቁጥር የተጻፈበት ሁሉ ውሸት ነው። ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ወርቅ ቤት ያለ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ በጣም ከቀለለ እዚያው መልሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔም የድሮ ባትሪ መሰብሰብ ጀምሬአለሁ፣ ኤልኢዲ አምፖል ብገጥምበት ዋጋው ይወድቃል?

መልስ፦ ሰውነቱን ሳትቆርጥና ካውያ ሳታስነካው፣ አምፖሉን ብቻ ቀይረህ መልሰህ ማውጣት የምትችል ከሆነ ምንም አይሆንም። ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልግ ሁለት ድንጋይ ትንሽ ሲደክም ይፈዛል፣ ስለዚህ ቮልት የሚያነሳ ሰርኪት ያለውን ፈልግ፣ ሦስት ድንጋይ ከሆነ ደግሞ 4.5 ቮልት እንደሚችል የተጻፈበትን። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች፣ ዴቪድ ሚሴል አሜሪካ ውስጥ 1899 ላይ ፓተንት ያወጣበት ዓይነት፣ ድንጋያቸው ደካማ ስለነበር ብልጭ አድርጎ መልቀቅ እንጂ ይዞ ማቆየት አይቻልም ነበር፣ በእንግሊዝኛ ፍላሽላይት የተባለውም ለዚያ ነው። ካሉህ ውስጥ ከሚገፋው ማብሪያ ሌላ ተጭነህ ስትለቅ የሚጠፋ ትንሽ ቁልፍ ያለው ካለ ለብቻው አስቀምጥልኝ፣ እንዲህ ዓይነት ስታገኝ መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል። የወጣውን አምፖል ደግሞ አትጣለው፣ ብዙዎቹ የድሮ ባትሪዎች ጀርባ ክዳን ውስጥ የመለዋወጫ አምፖል ማስቀመጫ አላቸው፣ ፍታና እየው፣ ምናልባት እስከዛሬ ማንም ያልነካው አምፖል እዚያው ተቀምጦ ታገኝ ይሆናል።