ማማው ይቆየን፦ ስለ ቤት አንቴና የጠየቃችሁኝ

ስለ አማተር ራዲዮ (ፈቃድ አውጥቶ ለፍላጎት ብቻ በራዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር) አንቴናና ማማ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እናንተም አልሰሰታችሁም። ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ 15 ሜትር ማማ ቆሟል፤ ባለቤቴ «ያንተ ባሕር ዛፍ» ነው የምትለው። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በሽቦ ብቻ ነው የሠራሁት። መልሶቼ ወደ ሽቦው ሲያደሉ ብታዩ አይግረማችሁ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ጄኔራል የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ የአማተር ፈቃዴን በቅርቡ አገኘሁ። ባለ 100 ዋት ራዲዮም ገዝቻለሁ። ለማማው ስንት ልያዝ?

ምንም አትያዝ። ለጊዜው ሽቦ ይበቃሃል። ዳይፖል የሚባለው አንቴና መሐሉ ላይ ተቆርጦ ኮአክሲያል ገመድ (ከራዲዮው የሚመጣው ገመድ) የተገናኘበት ሽቦ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ርዝመቱን ለማግኘት 143ን ለምትፈልገው ሜጋኸርዝ አካፍል። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ከ7 ሳንቲም ይመጣል። በግራ 5፣ በቀኝ 5 መሆኑ ነው። ስትቆርጥ ግን በየጫፉ አንድ ስንዝር ትርፍ ተው። እየለካህ ማሳጠር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ያጠረውን መቀጠል ግን ራስ ምታት ነው።

ከፍታውን በተቻለህ መጠን ወደ 10 ሜትር አድርሰው። በጣም ዝቅ ካለ ጉልበቱ ሽቅብ ወደ ሰማይ ይሄድና ሩቅ አገር አይደርስልህም።

አሁን የኔን ጥፋት ስማ። የመጀመሪያ ዳይፖሌን በሁለት ዛፎች መሐል እንደ ክራር ክር ወጥሬ አሰርኩት። ሲያዩት ያምር ነበር። ሦስተኛው ቀን ሌሊት ነፋስ መጣ። ሁለቱ ዛፎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲወዛወዙ ሽቦው መሐሉ ላይ ተበጥሶ ጠዋት ሣሩ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ በአንደኛው ዛፍ ላይ ፑሊ ሰቅዬ፣ ገመዱን በፑሊው አሳልፌ ጫፉ ላይ ድንጋይ የተሞላ ባልዲ አንጠለጠልኩ። ዛፉ ሲወዛወዝ ባልዲው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሽቦው ግን አይጨነቅም። ባልዲው ሥር ሕፃናት እንዳይጫወቱ ብቻ አጥረው። ገመዱ ደግሞ ፀሐይ የሚችል ጥቁር ፖሊስተር ይሁን። ናይለን እየተለጠጠ ያስቸግርሃል።

ጥያቄ (ከሰሜን ቨርጂኒያ)፦ የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አንቴና የሚባል ነገር አላይም ብሏል። «የፌዴራል ሕግ አለ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልከራከራቸው?

ሕጉ አለ፤ ግን አንተን አያድንህም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ውሳኔ መሠረት ከተማና ካውንቲ የአማተር አንቴናን ጨርሶ መከልከል አይችሉም። ምክንያታዊ በሆነ መንገድ ማስተናገድ አለባቸው። ይህ ግን የሚመለከተው መንግሥትን ነው። ቤቱን ስትገዛ ከማኅበሩ ጋር የፈረምከው ውል የግል ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዲሽ ደንብም ለቴሌቪዥን ዲሽና አንቴና እንጂ ለአማተር ራዲዮ አይሠራም። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ስብሰባ ላይ ይጋጫል፤ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ዓይኑን አንተ ላይ ያሳርፋል።

እኔ ብሆን ቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ሥር፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መሐል እዘረጋለሁ። ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ማራቅህን አትርሳ፤ አለበለዚያ የኤልኢዲ አምፖልና የቻርጀር ጩኸት ጆሮህን ይበላዋል። ባንዲራ የምትሰቅል ከሆነ ደግሞ በባንዲራው ምሰሶ ውስጥ ሽቦ የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። ባንዲራን ማን ይቃወማል!

ጥያቄ፦ ማማ ለመትከል የግድ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ? ሬዲዮው ፈቃድ አለው አይደል?

የራዲዮ ፈቃድና የግንባታ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ወደ ካውንቲህ ሂድ፤ ከአምራቹ ያገኘኸውን መሐንዲስ የፈረመበት ንድፍ ይዘህ። ከ200 ጫማ በላይ ከሆነ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ይመጣል። ለቤት ያን ያህል የሚተክል የለም፤ ኤርፖርት አጠገብ ከሆንክ ግን ከዚያ ባነሰ ቁመትም ስለሚመለከትህ አጣራ። ጉድጓድ ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል። መጥተው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን በቀለም ያሳዩሃል፤ በነፃ ነው።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ወሰንኩ፣ ማማ እተክላለሁ። በካቦ (በብረት ገመድ) የሚወጠረውን ባለ ሦስት ጎን ማማ ነው ያሰብኩት። መሠረቱ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

እንግዲህ ወደምወደው መጣህ። አንድ፣ የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት፣ የፌሮውንም ብዛት ከአምራቹ ንድፍ ውሰድ። ከራስህ ፈጥረህ አትቀንስ፣ «ለሁሉም ይሁን» ብለህም አትገምት።

ሁለት፣ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የማማው እግሮች ውስጣቸው ባዶ ቱቦ ነው። ዝናብም፣ ጤዛም ውስጣቸው ይገባል። እግሮቹን ዝም ብለህ ኮንክሪት ውስጥ ከደፈንካቸው ውሃው መውጫ ያጣል። በሚቀዘቅዝበት አገር ክረምት ሲመጣ ያ ውሃ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር አፍስስና የእግሮቹ ጫፍ ጠጠሩ ላይ ይረፍ። ኮንክሪቱ ሲፈስ ቀዳዳው እንዳይደፈን ተጠንቀቅ። አንድ ወዳጄ ይህን አልሰማም ብሎ በሁለተኛው ክረምት የማማው እግር ከታች እንደ በሰለ ባቄላ ተሰንጥቆ አሳይቶኛል። ማማው ላይ ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሦስት፣ የመጀመሪያውን ክፍል በውሃ ልክና በቱንቢ አስተካክል። ከታች በጣት የምትሸፍነው ጥመት፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ በክንድ የሚለካ ይሆናል። ኮንክሪቱን ካፈሰስክ በኋላ ታገሥ፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚለኩት በ28 ቀን ነው።

ካቦዎቹን በሦስት አቅጣጫ፣ በእኩል 120 ዲግሪ ዘርጋ። መልሕቁ፣ ማለትም ካቦው መሬት ላይ የሚታሰርበት፣ ከማማው ሥር የሚርቀው የማማውን ቁመት 80 በመቶ ያህል ነው። ለ15 ሜትር ማማ 12 ሜትር መሆኑ ነው፤ ጓሮህ መብቃቱን አሁኑኑ ለካ። ውጥረቱ የካቦው መበጠሻ ጉልበት 10 በመቶ ገደማ ይሁን። የተለመደው የ3/16 ኢንች ካቦ የሚበጠሰው በ3,990 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ 400 ፓውንድ አካባቢ ነው የምትወጥረው። መለኪያ ተከራይ ወይም ተዋስ፤ በእጅ እየነካካህ አትፍረድ። መወጠሪያ ብሎኖቹ በነፋስ ንዝረት ራሳቸውን ስለሚፈቱ በመሐላቸው ሽቦ አሳልፈህ እሰራቸው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እኔ አገር ቤት ግንበኛ ነበርኩ። ከፍታ አልፈራም። ብቻዬን ብወጣ ምን አለበት?

ወንድሜ፣ አለመፍራትህ ነው ያስፈራኝ። ብቻህን አትውጣ። ሙሉ አካል የሚይዝ ማሰሪያ ግዛ፤ የወገብ ቀበቶ ብቻውን አይበቃም። ማንጠልጠያው ሁለት ይሁን፤ አንዱን ስትፈታ ሌላው ተያይዞ እንዲቆይ። ከታች የሚቆመው ሰው ሄልሜት ያድርግ፣ ከማማው ሥርም ገለል ይበል። ከ12 ሜትር የሚወድቅ ቁልፍ ቀላል አይምሰልህ። እኔ ፒንሳዬን ጥዬ የመኪናዬን መስታወት ሰብሬያለሁ። የመኪና መስታወት ይተካል።

የካቦ ማሰሪያ ቦታ አልፈህ ስትወጣ ጊዜያዊ ገመድ ሳታስር አዲስ ክፍል አትጨምር። ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ማንም እንዳይልክበት ራዲዮውን አጥፍተህ የክፍሉን ቁልፍ ኪስህ ክተት።

ጥያቄ፦ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አሮጌ ማማቸውን «አፍርሰህ በነፃ ውሰድ» አሉኝ። ልውሰድ?

ማፍረስ ከመትከል ይብሳል። አሮጌ ማማ ላይ ሰው ሲወጣ የማማው እግር ዝጎ ይሁን ካቦው ላልቶ ይሁን ከታች ሆኖ አያስታውቅም። መሬቱ አጠገብ ያለውን ዝገት ፍቅፍቀህ እይ፣ እግሮቹን በመዶሻ መታ መታ አድርገህ ድምፁን ስማ፣ መልሕቆቹንም ቆፍረህ አጣራ። ከተጠራጠርክ በክሬን ይውረድ። የክሬኑን ኪራይ ስታሰላው ደግሞ «በነፃ» የሚለው ቃል ትንሽ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ የመብራት መስመሩ ከግቢዬ ጥግ ያልፋል። ስንት ልራቅ?

ማማው ከነአንቴናው ሙሉ ቁመቱን ተዘርግቶ ቢወድቅ ከሽቦው ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ይህን የማይሰጥ ግቢ ላይ አትትከል። ድርድር የለውም።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ መብረቅ ያስጨንቀኛል። መብረቁን ወደ አፈር የሚያወርድ የመሬት ዘንግ አንድ ማማው ሥር ቀብሬያለሁ፣ ይበቃል?

ዘንጉ ለብቻው ከቀረ እንዲያውም አደጋ ነው። መብረቅ ሲወርድ የማማው ዘንግና የቤቱ ዘንግ የተለያየ ቮልቴጅ ላይ ይሆናሉ፤ ልዩነቱ የሚያልፈው በራዲዮህ በኩል ነው። ሁለቱን ዘንጎች በወፍራም መዳብ አገናኛቸው። እዚህ አሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮዱ ቢያንስ 6 ቁጥር መዳብ ይላል፤ የካናዳውን ከኤሌክትሪሻንህ ጠይቅ። ከአንቴናው የሚመጣው ገመድ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ አድርግበት። ይህን ሁሉ አድርገህም ደመናው ሲጠቁር ገመዱን ከራዲዮው ነቅለህ ከቤት ውጭ ተወው። እኔ እስከዛሬ የምተማመነው በመንቀሉ ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ አንቴናዬ ሁለት ዓመት በደንብ ሠራ። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ ይደክማል። ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው መለኪያ ግን «ጥሩ» ይላል። ምን ይሆን?

ውሃ ነው። መለኪያው ጥሩ ማለቱ አያታልልህ፤ ኮአክሲያል ገመዱ ውሃ ሲጠጣ ኃይሉን በመንገድ ይበላዋል፣ የሚመለሰውም ስለሚደክም ልኬቱ የተሻለ ይመስላል። እኔም አንድ ጊዜ ማያያዣውን ስፈታው ጠብ ጠብ ብሎ ውሃ ወረደ። የገመዱ መዳብ የምድጃ ጥላሸት መስሎ ነበር፤ ስነካው ጣቴ ላይ ተራገፈ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በናስትሮ ብቻ ጠቅልዬው ነበር።

የተበላሸውን ገመድ ጥለህ አዲስ ዘርጋ። ማያያዣው ላይ ከራሱ ጋር የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ እየለጠጥክ ጠቅልል። ከላዩ ናስትሮ፤ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ሣር ክዳን የላይኛው የታችኛውን እንዲሸፍን። ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጨረሩ ልጆቹን ይጎዳል ብላ ሰግታለች። ምን ልበላት?

ጥያቄዋ ትክክል ነው በላት። ጣቢያውን መገምገም የባለፈቃዱ ግዴታ ነው፤ ደንቡም እ.ኤ.አ. በ2021 ተሻሽሏል። ድግግሞሹን፣ ዋቱንና ርቀቱን የሚያስገቡበት ማስሊያ ስላለ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩት። ቁጥሩን ራሷ ስታየው ካንተ ንግግር ይሻላታል። አንቴናውን ስትልክ ማንም የማይነካው ቦታ ላይ ስቀለው፤ ሽቦውን የነካ እጅ ይቃጠላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኔም ቤቴ ጣሪያ ላይ አንቴና ሰቅዬ መጀመር እችላለሁ?

ለመስማት ከሆነ ሽቦና መቀበያ ይዘህ ልምምድ ትጀምራለህ። ለመላክ ግን ያለ ፈቃድ እንዳትሞክር፤ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። እዚያ ሄደህ የሚያውቁትን ጠይቅ። በኢቲ፣ ማለትም በኢትዮጵያ መለያ የሚጠራ ጣቢያ አየር ላይ ሲሰማ የዓለም አማተር ሁሉ ነው የሚንጋጋው፤ ማይክሮፎኑን የምትይዝበት ቀን ይናፍቅሃል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ከዚህ ሆኜ ወደ አዲስ አበባ አንቴናዬን በየት በኩል ላዙር?

66 ዲግሪ፣ ሰሜን ምሥራቅን አለፍ ብሎ። ካርታ ላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይመስላል፤ ምድር ክብ ስለሆነች ግን አጭሩ መንገድ ያ ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። የማግኔት ኮምፓስ እዚህ አካባቢ ወደ 11 ዲግሪ ስለሚያፈነግጥ ኮምፓስህ ላይ 77 ብለህ አንብብ። በ14 ሜጋኸርዝ ከሰዓት በኋላ ሞክር። በሐምሌ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

የሚዞር ያጊ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚልክ አንቴና) ከሌለህ ለሽቦ ዳይፖልም ይኸው ሂሳብ ይሠራል። ዳይፖል በብዛት የሚልከው በጎኑ ስለሆነ ሽቦውን ከሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘርጋው። ስለዚህ ኮምፓሱን ይዘህ ሁለቱን ዛፎች ከመምረጥህ በፊት ግቢውን ዙር።