ሰንጠረዥ የሚባለው የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ከሒሳብ መጽሐፉ «ሰንጠረዡን ሙላ» የሚለውን ሲያነብ አባቴ ሰምተው «ሰንጠረዥ እኮ ጨዋታ ነው! ቁጥር የሚሞላበት ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉት። ማን ነው ልክ? ጨዋታውንስ ቼዝ ብንለው አይሻልም?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቀድሞ የመጣው ግን የአባትዎ ነው።

ሕንዶች ጨዋታውን «ቻቱራንጋ» ይሉት ነበር፤ «ባለ አራት ክፍል» ማለት ነው፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ የተሰለፉበት ጦር። ፋርሶች «ቻትራንግ» አሉት። ዐረብኛ «ች» እና «ግ» የሚሉ ድምፆች ስላልነበሩት «ሸጥረንጅ» አደረገው። እኛ ዘንድ ሲደርስ «ሸ» ወደ «ሰ» ተለወጠ፤ ከ«ረ» በኋላ የነበረው «ን» ከ«ጠ» ፊት ቀደመ፤ «ጅ» ደግሞ ጅብ ዥብ እንደሚባለው ሁሉ «ዥ» ሆነ። እስቲ ጮክ ብለው ያንብቧቸው፦ ሸጥረንጅ፣ ሰንጠረዥ። አምስቱም ተነባቢዎች አሉ።

የመጫወቻዎቹም ስም ይህንኑ መንገድ ያሳያል። ዝሆን የሚል ቃል እያለን ጨዋታው ላይ «ፊል» እንላለን፤ ዐረብኛ ነው። እግረኛው «መደቅ» የዐረቡ «በይደቅ» ነው። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው «ፈርዝ» አማካሪ እንጂ ሚስት አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። አውሮፓውያን እሱን ንግሥት ብለው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እንድታቋርጥ ፈቀዱላት። የእኛ ፈርዝ ግን በመካከለኛው ዘመን እርምጃው ጸና። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኔሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ መጫወታቸው ተጽፏል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ። ይህ «ወረራ» ይባላል። ተራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሒሳቡ መጽሐፍ እንመለስ። የድሮው ሰሌዳ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አልነበረም። ቀይ ጨርቅ በሰማያዊ ወይም በጥቁር መስመር ተከፍሎ፣ ቁልቁል ስምንት፣ አግድም ስምንት፣ ባዶ ቤት ብቻ። ቀለም የሌለበት፣ በመስመር የተከፋፈለ ቤት ማለት ደግሞ ልጅዎ ቁጥር የሚሞላበት እሱ ራሱ ነው። ስሙ ከጨዋታው ወደ ወረቀቱ የተሻገረው በዚህ መልክ ይመስለኛል።

«ቼዝ»ም ቢሆን ባዕድ ቤተሰብ አይደለም፤ ሥሩ የፋርሱ «ሻህ»፣ ንጉሥ ነው። ለዛሬው ዓለም አቀፍ ውድድር ቼዝ ቢሉ አልቃወምም። አባትዎ የሚያውቁትን ጨዋታ ግን ሰንጠረዥ ይበሉት፤ ፈርዙንም ንግሥት አይበሉብን።