ጥቁር ንፍጥ፣ አስምና ቪክቶሪያ ላይን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከሰቨን ሲስተርስ እስከ ኦክስፎርድ ሰርከስ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር (ቲዩብ)፣ በቪክቶሪያ ላይን ትመላለሻለሽ፣ አስም አለብሽ፣ ማታ ስትናፈጪ ጥቁር ይወጣል፣ ባለቤትሽ ደግሞ «መኪና እንግዛ» ብሏል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እዚሁ ለንደን በሌሊት ጽዳት ዋሻ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ ነገሩንም ከያኔ ጀምሬ ስከታተለው ነው የኖርኩት።

ጥቁሩ ነገር የመኪና ጭስ አይመስልሽ። ወደ ግማሽ የሚጠጋው የብረት ዝገት ነው። የባቡሩ የብረት ጎማ ሐዲዱን ሲፈጭ፣ ፍሬን ሲያዝ ይበናል። እኛ ሌሊት ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላ ወርደን የምንጠርገው እሱን ነበር፣ የተሳፋሪ ፀጉር ተጠቅልሎበት፣ ባትሪ ስናበራበት አየሩ ላይ ሲንሳፈፍ እያየን። ጭንብል ሲያልቅ «ነገ ይመጣል» ይሉናል፣ ነገ ደግሞ አይመጣም። ለማንኛውም የሚታየው አቧራ ብዙም አያሳስብም፣ አፍንጫሽ ይዞ በሶፍት ታወጪዋለሽ። ጣጣው ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። እሱ ሳንባ ድረስ ይገባል። የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት ከለንደን ቲዩብ በተወሰደ አቧራ ውስጥ እስከ 5 ናኖሜትር የሚያንስ የብረት ብናኝ አግኝተዋል፣ ይኼ ወደ ደም ሊያልፍ የሚችል መጠን ነው።

ያንቺ መሥመር ደግሞ የከፋው ነው። ቪክቶሪያ ላይን ተሳፋሪ በሚሄድበት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ምድር ውስጥ ነው፣ ብናኙ እንደልብ የሚወጣበት የለውም። በ2020 የወጣ ጥናት ባቡሩ ውስጥ በሜትር ኩብ አየር ከ350 ማይክሮግራም በላይ ፒኤም 2.5 ለክቷል። የቲዩቡ አማካይ 88 ነበር፣ የከተማው አየር 19። የዓለም ጤና ድርጅት በ24 ሰዓት ከ15 አይለፍ ይላል፣ በርግጥ አንቺ እዚያ ውስጥ 24 ሰዓት አትቀመጪም።

«ከሕጉ ገደብ በታች ነው» ሲባል ትሰሚያለሽ። እውነት ነው፣ ግን የትኛው ሕግ? የእንግሊዝ የሥራ ቦታ ገደብ ሳንባ ለሚገባ አቧራ በሜትር ኩብ አየር 4 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም 4,000 ማይክሮግራም! ይኼ የተቀመጠው ለሠራተኛ ነው። አስም ላለበት ተሳፋሪ ታስቦ አይደለም።

ታዲያ ይገድላል ወይ? ሳይንሱ እዚህ ላይ አንድ አይደለም። ስቶክሆልም በ2005 በላብራቶሪ የሳንባ ሴል ላይ ሲሞከር የምድር ባቡር ብናኝ ከመንገድ ብናኝ ይልቅ ዲኤንኤን 8 እጥፍ ሲጎዳ ታይቷል። እዚያው ስቶክሆልም ግን ሾፌሮቹን ሲያጠኑ የልብ ድካምም የሳንባ ካንሰርም በዝቶ አላገኙባቸውም። የእንግሊዝ መንግሥት አማካሪ ሐኪሞችም በ2019 የተወሰነ የጤና ስጋት መኖሩ አይቀርም ብለው፣ መጠኑን ግን ሳያስቀምጡ አልፈዋል። እኔ ጤነኛ ሰው ቲዩብ ይተው አልልም። ላንቺ ግን መንገድ ቀይሪ እልሻለሁ።

መኪናውን ተይው። ትራፊክ ውስጥ ቆመሽ የፊተኛውን መኪና ጭስ ትስቢያለሽ፣ መሀል ከተማ በመኪና ለመግባት የሚከፈለው ኮንጀስሽን ቻርጁም አለ። ይልቅ ከሰቨን ሲስተርስ በኦቨርግራውንድ ባቡር ሊቨርፑል ስትሪት ውረጂ፣ ከዚያ በኤልዛቤት ላይን ቶተንሃም ኮርት ሮድ፣ ከዚያ ኦክስፎርድ ሰርከስ በእግር። ኤልዛቤት ላይን በ2022 የተከፈተ አዲስ መሥመር ነው፣ መሀል ከተማ ያሉት ጣቢያዎቹ ፕላትፎርሙን ከዋሻው የሚለይ የመስታወት በር አላቸው። ትንሽ ይረዝማል። ጊዜ ካለሽ አውቶቡስም ጥሩ ነው።

ቪክቶሪያን የግድ ከሆነ ኤፍኤፍፒ2 የሚባለውን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ አድርጊ፣ ፊት ላይ ልክ የሚል። ነጠላም ሻርፕም ለብርድ እንጂ ለዚህ አይሆንም። በፉርጎዎቹ ጫፍ ያለችው መስኮት ከተከፈተች ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ የዋሻው አየር በሷ ነው የሚገባው።

ኢንሄለርሽንም እይው። ብዙ ሐበሻ ለጊዜው የምታስታግሰውን ሰማያዊዋን ብቻ ይዞ ይዞራል፣ በየቀኑ የምትወሰደዋን መከላከያ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብሎ ይተዋል። ጂፒሽን (የሰፈር ሐኪምሽን) ፒክ ፍሎው የምትባለውን የትንፋሽ መለኪያ ጠይቂው። ጠዋትና ማታ ነፍተሽ ጻፊ፣ የሥራ ቀንም የእረፍት ቀንም፣ ለጥቂት ሳምንታት። በእረፍትሽ ቀን ቁጥሩ ከፍ፣ በሥራ ቀን ዝቅ የሚል ከሆነ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፣ ከንፍጡ ቀለም ይልቅ ሐኪሙ የሚያምነው እሱን ነው። ደረትሽ ሲር ሲር እያለ ሰማያዊዋ ካላሻለሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ለአምቡላንስ 999 ደውዪ።